ዝንብ የማያባርሩ አራት ሰዎች

ሣጥኗ የመጣችው በጭነት መኪና ከጎንደር ነው። መንገዱ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ ቆይቶ በመስከረም ማለቂያ ሲከፈት፣ ከዱቄትና ከጥይት ጋር አንድ የጫማ ሣጥን የማታህል ካርቶን ለክሊኒኩ ደረሰች። ውስጧ በጥጥ የተጠቀለሉ አሥራ ሁለት ትንንሽ የመስታወት ብልቃጦች ነበሩ። ቆጠርኳቸው። ሐኪሙም ቆጠረ። ከዚያ እሱ እጁን ሊታጠብ ሲሄድ እንደገና ቆጠርኳቸው። አንድም አልተሰበረም።

ያን ጊዜ መተማ በነበረው የጣሊያኖች ክሊኒክ መርፌ እየቀቀልኩ፣ ቁስል እያጠብኩ፣ በሽተኛ የሚለውን ለሐኪሙ እየተረጎምኩ እሠራ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደሉን ከአንድ ቄስ፣ ዓረብኛውን ከጋላባት ነጋዴዎች፣ ጣሊያንኛውን ደግሞ በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ከሚለጠፍ ወረቀት ነው የለቀምኩት። ሰፈሩ ስለ ሥራዬ ሁለት ሐሳብ ነበረው። ቁስል ያለበት «የእኛ ሐኪም» ይለኛል፤ ቁስሉ የዳነለት ከኋላዬ «ባንዳ» ይለኛል። ሁለቱንም እሰማለሁ፣ ለሁለቱም አልመልስም።

ሐኪሙ ቀጭን፣ ላቡ የማይደርቅ ሰው ነበር። ብዙ አያወራም፤ የተግባባነውም በዚህ ይመስለኛል። ሣጥኗን በከፈተ ዕለት ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ይህ መድኃኒት አዲስ ነው» አለኝ። «ሌላው ሁሉ እምቢ ላለው ጥቁር ሐዘን ነው። ወር አያስጠብቅም፤ ሳምንትም አያስጠብቅም። አንድ ሰዓት ይበቃዋል ይላሉ።»

«ይላሉ?»

«ይላሉ። የምናየው እኔና አንተ ነን።»

አንድ ወዳጁ ከአገሩ የላከለት ነው፤ ሞክሮ እንዲጽፍለት። አራት ሰው፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት መርፌ። የሚፈልገው ሁሉም ነገር ተሞክሮባቸው ያልዳኑትን ብቻ ነበር። ሐኪሙ በሽታውን ሜላንኮኒያ ይለዋል። እኛ አገር አንዱ ዛር ነው ይላል፣ አንዱ መጋኛ፣ አንዱ ስንፍና። ሦስቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ዞርኩ፤ ሱቁን ዘግቶ የተኛ አንድ ሙስሊም ነጋዴ፣ አንዲት መበለት፣ አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር። አራተኛውን መፈለግ አላስፈለገኝም። ቤቴ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ነው። እናትና አባታችን በወባ ከሞቱ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሰሊጥና ማሽላ ያርሳል፤ ሲያርስ ድምፁ ከሜዳው ማዶ የሚሰማ ሰው ነበር። ከዓመት በፊት ዝም አለ። ልጅ አልሞተበትም፣ ከብት አልተዘረፈበትም፤ ሰው ሁሉ ምክንያት ፈልጎ አጣለት። መጀመሪያ ዘፈኑን ተወ፣ ቀጥሎ ወሬውን፣ ቀጥሎ እህሉን። በዚያ ዓመት ዘሩን የዘራችው ሚስቱ ናት፤ እኔ ከሥራ መልስ አብሬያት አረምኩ። ጠበል አስጠመቅነው። ደብተራ ክታብ ጻፈለት። ከጋላባት ማዶ ያለ ፈቂ፣ የሱዳኖች የቁርኣን መምህር፣ ቁርኣን በሰሌዳ ጽፎ አጥቦ ውሃውን አጠጣው። ጠጣ። የሰጠነውን ሁሉ ይጠጣል። ከዚያ ፊቱን ወደ አገዳው ግድግዳ ይመልሳል።

ሣጥኗ በመጣችበት ሳምንት እሑድ፣ የእናታችን ወንድም ከጭልጋ ወረዱ። በበቅሎአቸው ኮርቻ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ሲፈቱት የእግር ብረት ነው።

«ደጋ አንድ ጠበል አለ» አሉ። «የታሰረ ሰው ሳይድን የተመለሰበት የለም። ሽንፋ ወርጄ ማሬን ሸጬ በሳምንቱ ሰኞ እመለሳለሁ። ነጋዴዎች ያን ቀን ወደ ላይ ስለሚወጡ አብረን እንሄዳለን።»

«አጎቴ፣ ታስሮ?» አልኳቸው።

«ታዲያ በለምለም ሣር ላይ ልውሰደው? አንተስ የጣሊያን ጸሐፊ፣ መርፌህ እስካሁን ምን አደረገለት?»

«አዲስ መድኃኒት መጥቷል። ሳምንቷን ይስጡኝ።»

«ሳምንቷማ የራሷ ናት፤ እኔ ምን ልስጥህ። ሰኞ ስመለስ ቆሞ ከተቀበለኝ ብረቱን ለማረሻ እሰጥልሃለሁ። ካልሆነ ግን እንዳትከለክለኝ።»

በዚያ ጠበል ቦታ የታሰሩትን አይቻቸዋለሁ። ቁርጭምጭሚታቸውን በክሊኒክ ያጠብኩላቸው ሰዎች አሉ። ወንድሜ በዚያ ብርድና በዚያ ዝምታ እግሩ ታስሮ ቢከርም እህል የሚያጎርሰው እንደማያገኝ አውቅ ነበር። ስለዚህ ስሙን በአራተኛው መስመር ላይ ጻፍኩት። ከአራቱ አንዱም ፈቃዱን አልተጠየቀም። የጠየቅነው ዘመዶቻቸውን ነው። እኔም ወንድሜን አልጠየቅኩትም።

ሰኞ ጧት አራቱ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ባለው ራኩባ፣ ከአገዳ በተሠራው የጥላ ዳስ ሥር፣ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከመርፌው በፊት እያንዳንዱን መጠየቅ ነበረብን። ሐኪሙ ሰንጠረዥ አስምሮ ነበር፤ ጥያቄው «እንዴት አደርክ? ልብህ እንዴት ነው?» የሚል ነው። እኔ እጠይቃለሁ፣ የሚሉትን እተረጉማለሁ፣ እሱ ይጽፋል።

ነጋዴው ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ «አልሐምዱሊላህ» አለ።

መበለቷ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች። ድምፅዋ ስላልተሰማኝ ጎንበስ ብዬ ደግሜ ጠየቅኳት።

አስካሪው «ደህና» አለ። ወንድሜ ከንፈሩን ለማላቀቅ ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ ከዚያ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። በአሥር ቀን ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

አንድም ቃል ሳላጓድል ተረጎምኩ። ሐኪሙ አራት ጊዜ «ደህና» ብሎ ጻፈ፣ ብዕሩን አስቀመጠ፣ አየኝ።

«በሽተኛ አምጣ ነው ያልኩህ» አለ። «እነዚህ አራቱም ጤነኞች ናቸው!»

«ጤነኞች አይደሉም።»

«ራሳቸው ብለዋል። አንተ ነህ የተረጎምከው!»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያን መልስ መልስ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሰው ቢታረድም «እንዴት ነህ?» ሲሉት ተመስገን ይላል፤ ሌላ የሚባል ነገር የለም፤ ሌላ ቢል ፈጣሪውን የከሰሰ ይመስላል። ይህን ለሐኪሙ ለማስረዳት ጣሊያንኛዬ አልበቃኝም። በመጨረሻ አራቱን በጣቴ አሳየሁት።

«ፊታቸውን ይመልከቱ» አልኩት።

መስከረም ሲያልቅ መተማ የዝንብ ነው። እኔም እሱም በተነጋገርንባት ጊዜ ውስጥ ስንት ጊዜ እጃችንን እንዳወናጨፍን አላውቅም። አግዳሚው ላይ ያሉት ግን እጃቸው ከጉልበታቸው አልተነሣም። ዝንቦቹ በወንድሜ ዓይን ጥግ ተደርድረው ይጠጣሉ።

ሐኪሙ አራቱን አንድ በአንድ ተመለከተ። ከዚያ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ሰጠኝ። «ቁጠር» አለኝ። «አምስት ደቂቃ። እጃቸውን ስንት ጊዜ ያነሣሉ?» አምስት ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ። የሦስቱ ምንም፣ የመበለቷ አንድ። በሰንጠረዡ ላይ «ደህና» የሚለው ተሰርዞ ይህ ገባ።

ከዚያ መርፌው ተሰጠ። ወንድሜ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ተወጋ፤ ሰዓቱን በእነሱም በእኛም አቆጣጠር ጻፍኩ። ግማሽ ሰዓት ምንም የለም። በሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ ቀኝ እጁ ተነሣ፣ ዓይኑን ጠረገ። ቀጥሎ ሌላኛውን። ቀጥሎ ቀና ብሎ፣ ልክ የሆነ ሰው ጠርቶት እንደሚያይ፣ ግራና ቀኝ አየ።

«ይሄ ዝንብ ምንድን ነው እንዲህ የሚያደርገው?» አለ።

ብዕሩ ከእጄ ወደቀ።

ያን ቀን ወንድሜ ወደ ቤቱ የሄደው እየቀደመኝ ነው። ሚስቱ ከበሩ ላይ ሲመጣ አይታ መጀመሪያ ሌላ ሰው መሰላት። ውሃ ጠየቃት። አጥሩን ዞረ፣ የላላውን ማሠሪያ አጠበቀ፣ መጥረቢያውን ሳለ፣ ሳይጨርሰው ጥሎ የፍየሎቹን በረት መጥረግ ጀመረ። እሷ እልልታዋን ለቀቀችው። ጎረቤት ተሰበሰበ።

«ተነሣ እንዴ?» አለ አንዱ። «እኛ ለተስካሩ ጠላ ስንጠነስስ!»

ወንድሜም «ጠላውን አትድፉት፣ እኔው እጠጣዋለሁ» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን ዓይኔ እጁ ላይ ነበር። እጁ አንድም ቦታ አላረፈም።

ማክሰኞ ጧት ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አገኘሁት። ጠራሁት፤ አልዞረም። ውሃውን አፉ ላይ ስናደርግለት እንኳ አልዋጠም፤ ከዚያ በፊት ግን የሰጠነውን ሁሉ ይጠጣ ነበር። ሚስቱ ከደጃፉ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ «እትዬ፣ ትንሽ ቆዪ» ብላትም አላቆመችም።

«ያ መርፌ ባሌን አመጣልኝና መልሶ ወሰደው» አለች። «ባያመጣው ይሻለኝ ነበር፤ ለምጄው ነበር።»

የሐኪሙ ሰንጠረዥ ሦስት ዓምድ ነበረው። ከመርፌው በፊት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ። በኋለኞቹ በሁለቱ ወንድሜ የዳነ ሰው ነው። ነጋዴውም መበለቷም እንዲሁ ናቸው፤ አስካሪው ብቻ ሳይነሣ ቀረ። ሐኪሙ ደስ ብሎት ነበር፤ ሲያፏጭ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ግን በራሴ ደብተር ላይ አራተኛ ዓምድ አሰመርኩ፤ «በማግሥቱ»። ነጋዴው ቤት ሄድኩ፤ መበለቷም ቤት ሄድኩ። አምስት አምስት ደቂቃ ቆጠርኩ። ሁሉም ምንም።

ሐሙስ ሁለተኛው መርፌ ነበር። ያን ቀን ወንድሜ እንኳን ቤት፣ አግዳሚው ላይም አልቆየም። ከክሊኒኩ ወጥቶ ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ያዘ። ሰዓቱን ይዤ ተከተልኩት። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሱ ግን ጥላ አይፈልግም። ያወራል። ስለ በሬው ጀምሮ ስለ አባታችን ይቀጥላል፣ አባታችንን ሳይጨርስ ስለ አንድ ያልተመለሰለት ገመድ ያነሣል። ኬላው ጋ ጠባቂው ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ «ወዴት?» ሲለው «ወደፊት!» አለው። የክሊኒኩን ወረቀት እያሳየሁ እየለመንኩ አሳለፍኩት።

«ተቀመጥ እባክህ፣ ትንሽ እንረፍ» አልኩት።

«መቀመጥማ ብችል ምን አለ።»

ዞሮ ዞሮ ወደ እርሻችን ወሰደኝ። ሰሊጡ ቆሟል፤ የታችኛው ቅጠል መርገፍ ጀምሯል። ወንድሜ ወደ ውስጥ ገባና አንዱን ፍሬ በጥፍሩ ሰንጥቆ አየው። ያን ጊዜ ብቻ እግሩ ቆመ።

«አሥር ቀን» አለ። «ከዚያ ካለፈ ይፈነዳል። መሬት ነው የሚበላው።»

«አንተ ነህ የምታጭደው» አልኩት። «መድኃኒቱ እየሠራ ነው።»

ዞሮ አየኝ። ላቡ በአገጩ ይወርዳል፣ ከንፈሩ ፈገግ እንዳለ ነው።

«ይህ ደስታ እንዳይመስልህ» አለኝ። «ከኋላዬ አንድ ሰው በአለንጋ እየነዳኝ ነው የሚመስለኝ።»

«ትስቅ የለም እንዴ?»

«የሚስቀው አፌ ነው። እኔ እዚያው ከግድግዳው ጋ ነኝ፤ እየሰማሁት።»

ይህን በደብተሬ ጻፍኩት። በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ ግን አላወቅኩም። ዓርብ ወደቀ፤ ከማክሰኞውም የባሰ ነበር።

እሑድ ማታ አጎቴ ከሽንፋ ተመልሰው ገበያው አጠገብ ከነጋዴዎቹ ጋር ማረፋቸው ተሰማ። ሰኞ ጧት ወንድሜን ደግፌ ወደ ክሊኒኩ ልወስደው ስል ሚስቱ እጄን ያዘችኝ።

«ዛሬ በደንብ ይወጋ» አለች። «ሦስት ሰዓት ይበቃል። ይዩት፣ ቆሞ ይሳማቸው፣ ነጋዴዎቹ ይነሡና ይሂዱ። ነገ የፈለገው ይሁን።»

እኔም ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። አጎቴ ያለ ነጋዴዎቹ ብቻቸውን መንገዱን አይደፍሩትም፤ ነጋዴዎቹም አይጠብቁም። የመርፌውን ሰዓት ትንሽ ባስቀድም፣ ወንድሜ እየሳቀ አጥር ሲያጠብቅ አጎቴ ብረቱን ይዘው ይደርሳሉ። ማንም አይዋሽም። እኔ የምጽፈው ያየሁትን ብቻ ነው።

ራኩባው ሥር መርፌውን ከውሃ አወጣሁት። ሐኪሙ ብልቃጧን አንገቷ ላይ ሰበረ። የወንድሜን እጅጌ እየሰበሰብኩ ሳለ ክንዱ ቀስ ብሎ ከእጄ ሸሸ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድም ነገር እምቢ ብሎ አያውቅም።

«ምን ሆነ?» አለ ሐኪሙ።

ጎንበስ አልኩ። «ወንድሜ፣ አጎቴ ዛሬ ብረቱን ይዘው ይመጣሉ» አልኩት። «ተረድተሃል? ይህን ከተወጋህ ደህና ሆነህ ያዩሃል።»

ዝንብ በከንፈሩ ላይ ትሄዳለች።

«ደህና የሚሆነው ሌላው ነው» አለ። «እኔ አይደለሁም።»

ያን ጊዜ ደብተሬን ለሐኪሙ ዘረጋሁለት። አራተኛውን ዓምድ በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩለት፤ የነጋዴውን፣ የመበለቷን፣ የወንድሜን። ሐኪሙ የተሰበረችውን ብልቃጥ እንደያዘ ቆሞ ሰማኝ።

«የእኔ ወረቀት ለማግሥቱ ቦታ የለውም» አለ በመጨረሻ።

«እሱ ግን ማግሥት አለው» አልኩት። ከአለቃዬ ጋር እንዲህ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ሐኪሙ ብልቃጧን በሳህኑ ላይ አስቀመጣት። አልሰደበኝም። «ከታች በትንሹ ጻፈው» አለኝና ወደ ውስጥ ገባ። ጻፍኩት። ከሰንጠረዡ ጋር ይላከው ወይም ይቅደደው እስከ ዛሬ አላውቅም።

አጎቴ የደረሱት እጄን ሳልታጠብ ነው። በቅሎአቸውን ከራኩባው ምሰሶ ላይ አሥረው ገቡና ከወንድሜ ፊት ቆሙ። ብረቱ በክንዳቸው ሥር ነው።

«እንዴት ሰነበትህ ልጄ?» አሉት፣ እንደ ወጉ።

ወንድሜ ቀና ለማለት ሞከረ፤ ግማሽ ድረስ ደረሰ።

«ደህና አልሰነበትኩም፣ አጎቴ» አለ።

መበለቷ ከጎኑ ቀና አለች። አጎቴ ብረቱን በክንዳቸው ሥር አጠበቁ። ለዚህ መልስ የሚሰጥ ቃል ስላልተማሩ «ተመስገን በል እንጂ!» አሉት፣ እንደ መቆጣት ብለው።

«ተመስገን ስል ኖሬያለሁ። ደህና አይደለሁም። እዚህ፣» ደረቱን ነካ፣ «ድንጋይ አለ። ከዓመት በፊት ጀምሮ።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ወግታችሁት ነው እንዲህ የሚያወራው?»

«አልተወጋም። ዛሬ እምቢ አለ።»

አጎቴ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ብረቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለጥቂት ጊዜ ሰንሰለቱን በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩ።

«እናታችሁም እንዲህ ሆና ነበር» አሉ። «እናንተ ሳትወለዱ። እኔ በጠየቅኳት ቁጥር ተመስገን ትለኛለች፤ እኔም ተመስገን ብዬ እሄዳለሁ። አንድ ክረምት ሙሉ።» ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «ታዲያ ምን ይደረግልህ?»

«ሰሊጡ እስኪታጨድ አይውሰዱኝ» አለ ወንድሜ። ይህንን ለመናገር አቅሙን ሁሉ ጨረሰ፤ ከዚያ በኋላ ያን ቀን አንድ ቃል አልወጣውም።

ነጋዴዎቹ ያለ አጎቴ ወጡ። እሳቸው ቆላውን እንደ ሲኦል የሚፈሩ፣ በወባ ስም የሚያማትቡ ሰው፣ ሱሪአቸውን ሰብስበው ማጭድ ያዙ። ወንድሜ ወዲያው አልዳነም። ከዚያ በኋላ እንደገና ድምፁ ከሜዳው ማዶ እስኪሰማ ሌላ ክረምት መጥቶ ማለፍ ነበረበት፤ ያዳነው ምን እንደሆነ ብጠየቅ የምጽፈው የለኝም። ነጋዴውና መበለቷ የቀረውን መርፌ ተወጉ፤ በማግሥቱ ቤታቸው እየሄድኩ ቆጠርኩ፤ እንደ ቀድሞው ምንም። ለነጋዴው ከዚያ በኋላም አብሬው ከመቀመጥ በቀር ያደረግሁለት ነገር የለም።

በአጨዳው በሦስተኛው ቀን ወንድሜን ወደ እርሻው ወስደን ከአንድ ግራር ሥር አስቀመጥነው። ሚስቱና እኔ እናጭዳለን፤ አጎቴ ነዶ ያስራሉ። ሰሊጥ ቆሞ ነው የሚደርቀው። ነዶው ራሱን ወደ ላይ አድርጎ፣ እርስ በርስ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ሂላ ይሉታል። አጎቴ ግን ደገኛ ናቸው። እንደ ጤፍ አጋድመው ከመሩት። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር አላየሁም።

«አይከምሩት» የሚል ድምፅ ከዛፉ ሥር ተሰማ። ቀስ ያለ ነበር። ሦስታችንም ቀጥ ብለን ቆምን።

«ምን አልክ?» አሉ አጎቴ።

«ይቁም። ከተኛ ይበሰብሳል።»

«እኔ አርባ ዓመት ከምሬያለሁ!»

«ጤፍ ነዋ የከመሩት።»

«አንተ ጥላ ሥር ተቀምጠህ ታዛለህ፣ እኔ ሽማግሌው ፀሐይ ላይ ልንገላታ?»

«ዛሬ መቆም አልችልም።»

አጎቴ ላባቸውን በእጅጌአቸው ጠረጉ። ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ሚስቱ አዩ፣ ወደ ከመሩት አዩ።

«እንግዲያ ተቀምጠህ እዘዝ» አሉትና፣ እያጉረመረሙ፣ የከመሩትን ስድስት ነዶ አንድ በአንድ አፍርሰው ማቆም ጀመሩ።